ሐኪም ዘንድ ስንሄድ አብሬ ልግባ ወይስ ውጭ ልጠብቅ?

ጥያቄ፦ «አራት ዓመት የሞላው ውሻና የሁለት ዓመት ድመት አሉኝ። ክትባት ወይም ምርመራ በደረሰ ቁጥር ረዳቷ ውሻውን ከእጄ ተቀብላ ወደ ውስጥ ታስገባዋለች፤ እኔ መጠበቂያው ክፍል እቀራለሁ። ‹ባለቤቱ ሲኖር ያስቸግራል፣ ብቻውን ሲሆን ዝም ይላል› ይሉኛል። አሁን ግን ውሻው የክሊኒኩን በር ሲያይ ይንቀጠቀጣል፣ ከመኪና አልወርድም ይላል። ድመቷ ደግሞ ባለፈው፣ ያዢልን ተብዬ ይዣት ሳለ እጄን ነክሳኛለች። አብሬያቸው መግባት አለብኝ ወይስ መተው ይሻላል? ሳባብላቸውስ ፍርሃታቸውን አባብሳለሁ?»

ምላሽ፦

ይግቡ። ለተራ ምርመራ፣ ለክትባት፣ ደም ለመቅዳትና ጥፍር ለመቁረጥ ባለቤቱ ከእንስሳው አጠገብ መሆን አለበት፤ የሚወጣው ምክንያታቸው በግልጽ ሊነገረው ለሚችል ጥቂት ሥራዎች ብቻ ነው። ድመቷን መያዝ ግን የእርስዎ ሥራ አይደለም፤ ቀድሞውንም ያዢልን ሊሉዎት አይገባም ነበር። አጠገብ መሆንና መያዝ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ክሊኒኩ ለውሻው ሲሆን ከአጠገቡ አራቀዎት፣ ለድመቷ ሲሆን ደግሞ የረዳት ሥራ አሠራዎት፤ ሁለቱም ትክክል አይደሉም።

በመጀመሪያ «ብቻውን ሲሆን ዝም ይላል» የሚለውን እንየው። ዝም ሊል ይችላል፤ ዝም ማለቱ ግን ተረጋግቷል ማለት አይደለም። ውሻ ማምለጫ ሲያጣና የሚያምነው ሰው ከአጠገቡ ሲጠፋ መታገሉን ትቶ ይደርቃል። ሰውነቱ ይገተራል፣ ጅራቱ በእግሮቹ መካከል ይገባል፣ ጆሮው ወደ ኋላ ይለጠፋል፣ የዓይኑ ነጭ በጎን በኩል ይወጣል፤ የሚበላ ነገር ሳይኖር ከንፈሩን ይልሳል፣ እንቅልፍ ሳይመጣበት ያዛጋል። ለሚሠራው ሰው ይህ ውሻ ጨዋ ነው፤ አይነክስም፣ አይታገልም፣ መርፌው ቶሎ ያልቃል። ውሻው ግን በእያንዳንዱ ጉብኝት የሚማረው በዚህ በር ሲገባ ሰዉን እንደሚያጣና ከዚያ እንደሚወጋ ነው። ከመኪና አልወርድም ማለቱ የዚሁ ትምህርት ውጤት ነው። በእውነት የተረጋጋ ውሻ ጡንቻው ይላላል፣ አካባቢውን ያሸታል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሰጡትን ይበላል። ስለዚህ ረዳቷን «ዝም አለ?» ብለው አይጠይቁ፤ «በላ?» ብለው ይጠይቁ። ቤት ውስጥ በደንብ የሚበላ ውሻ በምርመራ ጠረጴዛ ላይ የሚወደውን ሲሰጡት እንኳ ፊቱን ካዞረ፣ ፍርሃቱ ከፍ ያለ መሆኑን ይወቁ።

ውሾች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ባለቤቱ በምርመራው ጊዜ እየዳሰሰና እያናገረ አጠገቡ ሲቆም የውሻው የልብ ምት ዝቅ ብሎ፣ ከጠረጴዛው ለመዝለል የሚያደርገው ሙከራም ቀንሶ ታይቷል። ንጽጽሩ የተደረገው ባለቤቱ እዚያው ክፍል ውስጥ ሆኖ ውሻውን ሳይነካና ሳያናግር ከተቀመጠበት ሁኔታ ጋር ነው። ይህን ልብ ይበሉ፤ ጥግ ላይ ተቀምጦ ስልኩን የሚነካካ ባለቤት ገባም አልገባም ለውሻው ብዙ ልዩነት ላያመጣ ይችላል።

ማባበል ፍርሃትን ያባብሳል የሚለው በጣም የተስፋፋ ስህተት ነው። በሽልማት የሚጠነክረው እንደ መቀመጥና እጅ እንደ መስጠት ያለ ድርጊት ነው። ፍርሃት ግን ስሜት ነው፤ ውሻ ተዳስሶ ስለተመቸው ብቻ በሚቀጥለው ጊዜ አብዝቶ አይፈራም። የሚያባብሰው ሌላ ነገር ነው፦ ድምፅን አቅጥኖ «አይዞህ፣ አይዞህ፣ አይዞህ» እያሉ በጥድፊያ መደጋገም፣ ማሰሪያውን አጥብቆ መሳብ፣ «ተቀመጥ አልኩህ!» ብሎ መቆጣት፣ እንዳይንቀሳቀስ አንገቱን አቅፎ መጭመቅ። አይዞህ ማለት ችግር የለውም፤ ዝግ ባለ ድምፅ፣ ቀስ ተብሎ፣ ቤት ውስጥ በሚያናግሩት ቃና ይሁን።

ፍርሃት መቀነሱ ለእንስሳው ምቾት ብቻ የሚፈለግ ነገር አይደለም፤ ፍርሃት የምርመራውን ውጤትም ያዛባልና። ድመት ላይ ይህ በግልጽ ይታያል። ቤቷ ተኝታ በደቂቃ ከ120 እስከ 140 ጊዜ የሚመታው ልብ ክሊኒክ ውስጥ 200ን ሊያልፍ ይችላል። የደም ስኳሯ በፍርሃት ብቻ ከ250 ሚሊግራም በዴሲሊትር በላይ ወጥቶ በሽንቷም ስኳር ሊታይ ይችላል፤ ጥንቃቄ ከጎደለ ጤነኛዋ ድመት የስኳር ሕመምተኛ ተብላ ትሄዳለች። ለዚህ ነው አንድ ከፍ ያለ ቁጥር አይቶ ኢንሱሊን ከመጀመር ይልቅ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ገደማ አማካይ የሚያሳየውን የፍሩክቶዛሚን ምርመራ መጨመር የሚያስፈልገው። የደም ግፊትም እንዲሁ ነው፤ ጸጥ ባለ ክፍል ከባለቤቷ ጋር ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቆይታ፣ የመጀመሪያው ልኬት ተጥሎ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ከ5 እስከ 7 ልኬቶች አማካይ ይያዛል። ውሻ ደግሞ ቤት ውስጥ ሲያነክስ ሰንብቶ ክሊኒክ ሲደርስ በድንጋጤ ቀጥ ብሎ ሊራመድ ይችላል። ስለዚህ ማነከሱን፣ ማሳሉን ወይም መንቀጥቀጡን ቤት እያሉ በስልክዎ ይቅረጹት። ሐኪሙ ስለ ምግቡ፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ሽንቱና ስለ ማስመለሱ የሚጠይቀውን የሚመልስለትም እርስዎ እንጂ ረዳቷ አይደለችም።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ውሻው የስኳር ሕመም ከሌለበትና በዕለቱ ማደንዘዣ ወይም ማረጋጊያ የማይወስድ ከሆነ፣ የጠዋት ምግቡን በግማሽ ቀንሰው ይዘውት ይሂዱ፤ የራበው ውሻ ሽልማቱን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል። ለስላሳና የሚሸት ነገር በአተር ፍሬ መጠን ቆራርጠው ይያዙ፤ ለአንድ ጉብኝት ከ30 እስከ 40 ቁራጭ ያስፈልጋል። መጠበቂያው ክፍል በሌሎች እንስሳት ከተጨናነቀ ውጭ ወይም መኪና ውስጥ ቆይተው ተራዎ ሲደርስ በስልክ እንዲጠሩዎት ይንገሯቸው። የሚያንሸራትት ጠረጴዛ ብቻውን ያስደነግጣል፤ ፎጣ ወይም የላስቲክ ምንጣፍ ይነጠፍበት፣ ትልቅ ውሻ ከሆነ ደግሞ መሬት ላይ ይመርመር።

እርስዎ የሚቆሙት ከውሻው ትከሻ ጎን፣ ከሐኪሙ ተቃራኒ በኩል ነው። ፊቱ ላይ አያጎንብሱ። አንዱን እጅዎን ደረቱ ላይ ያሳርፉ፣ በሌላው ምግቡን ከአፍንጫው በታች ይያዙ። ጭንቅላቱን መታ መታ ማድረግ ያስበረግገዋል፤ ከትከሻው ወደ ጀርባው ረጅምና ዘገምተኛ ዳሰሳ ይሻላል። ክትባት ሲሰጥ ማንኪያ ላይ የተቀባ የለውዝ ቅቤ ወይም ለስላሳ ምግብ መላስ የሚጀምረው መርፌው ከመግባቱ በፊት ነው፣ መርፌው ከወጣ በኋላም አሥር ሰከንድ ያህል ይቀጥላል። ምግቡ መርፌውን ተከትሎ ከመጣ ለዚያን ቀን ዘግይቷል። የለውዝ ቅቤው ላይ «ዛይሊቶል» የሚባል ማጣፈጫ አለመኖሩን ያረጋግጡ፤ ለውሻ በትንሹም መርዝ ነው። ሐኪሙ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሲያደርግ ጥያቄዎን ያቆዩለት፤ የልብ ድምፅ የሚሰማው ጸጥታ ሲኖር ነው።

መያዝ የሠለጠነ ረዳት ሥራ ነው። ምክንያቱ ሙያ ብቻ አይደለም፤ ያመመው ወይም የፈራ እንስሳ የሚነክሰው ያስፈራውን ሳይሆን ለጥርሱ የቀረበውን ነው፣ የቀረቡት ደግሞ እርስዎ ነበሩ። ድመትዎ እርስዎን ጠልታ አይደለም የነከሰችዎ። የድመት ጥርስ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ቁስሉ ከላይ ነጥብ ይመስላል፤ ታች ግን ጅማትና መገጣጠሚያ ድረስ ሊዘልቅና በአፏ ያለውን ፓስቴሬላ የተባለ ባክቴሪያ ሊተክል ይችላል። ብዙ ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ያብጣል፣ ይቀላል፣ ይጠዘጥዛል። እንዲህ ያለ ንክሻ ሲደርስ በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ታጥቦ በዚያው ዕለት ጤና ተቋም መታየት አለበት። ድመቷ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷ ያልተሟላ ከሆነ ይህንም ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ጊዜው አልፏል ብለው አይተዉት። ፈረስ ወይም በቅሎ ላይ ግን ነገሩ ይለያል፤ ባለቤቱ ብዙ ጊዜ መያዙ አይቀርም። ያን ጊዜ ሐኪሙ ባለበት ጎን ይቁም፤ እንስሳው ቢደነግጥ ጭንቅላቱን ወደራስ መሳብ ቂጡን ከሁለቱም ሰዎች ያርቀዋል።

ለድመት ዋናው መሣሪያ ማጓጓዣ ሳጥኗ ነው። ክዳኑ የሚነቀል ይሁን፤ ሐኪሙ ክዳኑን አንስቶ ድመቷን ታችኛው ግማሽ ውስጥ እንዳለች፣ ፎጣ ጣል አድርጎባት አብዛኛውን ምርመራ ሊጨርስ ይችላል። ሳጥኑን አዘንብሎ ማራገፍ፣ እግሯን ይዞ መጎተት፣ ማጅራቷን ጨምድዶ ማንሳት የለም። ዓለም አቀፉ የድመት ሕክምና ማኅበርና የአሜሪካ የድመት ሐኪሞች ማኅበር በ2022 እ.ኤ.አ. በጋራ ባወጡት መመሪያ ማጅራት መያዝን አይመክሩም። ግልገል ድመት እናቷ በማጅራቷ ስትይዛት ዝም ስለምትል ለአዋቂዋም ይሠራል የሚለው አሮጌ አስተሳሰብ ነው፤ አዋቂዋ የምትደርቀው ፈርታ ነው። የእርስዎ ቦታ ድመቷ በምታይዎት ወንበር ላይ፣ አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፣ በዝግታ እያናገሯት ነው። የለበሱትን ያልታጠበ ልብስ ሳጥኑ ውስጥ ያንጥፉላት።

የሚወጡባቸው ሥራዎች እነዚህ ናቸው። ራጅ ሲነሳ ክፍሉ ውስጥ ሰው መኖር የለበትም፤ ነፍሰ ጡር የሆነችና ከ18 ዓመት በታች ያለ ሰው ደግሞ በምንም ምክንያት አይገባም። ጨረር ከምንጩ በራቁ ቁጥር በፍጥነት ይቀንሳል፤ ርቀቱ ከአንድ ወደ ሁለት ሜትር ሲያድግ መጠኑ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። እንስሳው ካልተረጋጋ መፍትሔው ማረጋጊያ መድኃኒትና የአሸዋ ከረጢት ድጋፍ ነው፤ ባለቤቱን አስገብቶ ማስያዝ አይደለም። ቀዶ ሕክምናና በማደንዘዣ የሚሠራ የጥርስ ጽዳትም ያለእርስዎ ይሠራሉ። ይሁንና የመጀመሪያው ማረጋጊያ መርፌ ከተወጋ በኋላ እንቅልፉ እስኪወስደው ድረስ ያሉትን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ከእሱ ጋር ለመቆየት ይጠይቁ፤ ይህን የሚከለክል የንጽህና ምክንያት የለም። ሲነቃም የትንፋሽ ቱቦው ወጥቶ ራሱን ቀና ማድረግ ከቻለ ሊጠሩዎት ይችላሉ። ሕይወት አድን ሥራ ላይ ግን ከመንገድ ይውጡ፤ ስልክዎ ክፍት ይሁን፣ የበላውን መርዝ ወይም መድኃኒት ማሸጊያ ያስረክቡ፣ ልቡ ቢቆም እንዲታሽለት መፈለግ አለመፈለግዎን በአንድ ቃል ይንገሯቸው።

እርስዎ መኖርዎ የሚያባብስበት ጊዜም አለ። አንዳንድ ውሻ ሰው ሲጠጋ በእርስዎና በሐኪሙ መካከል ገብቶ ያጉረመርማል፤ ማሰሪያውን ረዳቷ ስትቀበለው ይረግባል። ደም ወይም መርፌ ሲያይ የሚያዞረው ሰውም አለ፤ ራሱን ስቶ ከወደቀ ሐኪሙ ሁለት ሕመምተኛ ይኖረዋል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ለሁለት ደቂቃ ከክፍሉ ይውጡ፣ ረዳቷ ምግብ ታቅርብለት። እርስዎ ሳይኖሩ በልቶ እርስዎ ባሉበት የማይበላ ከሆነ ውጭ መጠበቁ ትክክል ነው። በሁለቱም ካልበላ ግን ችግሩ ባለቤቱ ዘንድ አይደለም፤ አስቸኳይ ካልሆነ ምርመራው ይቁምና ከመምጣቱ በፊት የሚወሰድ መድኃኒት ይታዘዝለት።

ስለዚህ መድኃኒት ሁለት ቃል። ለድመት ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ጋባፔንቲን ነው፤ ከጉዞው ከ2 እስከ 3 ሰዓት ቀደም ብሎ፣ እንደ ክብደቷ ከ50 እስከ 100 ሚሊግራም። ኩላሊቷ የታመመ ከሆነ ሐኪሙ ይቀንሰዋል። ለውሻ ትራዞዶን ብቻውን ወይም ከጋባፔንቲን ጋር ይሰጣል። ከቀጠሮው በፊት በሌላ ቀን ቤት ውስጥ ይሞከር፤ መንገዳገድና ማንቀላፋት የሚጠበቅ ነው። ለሰው የተዘጋጀው ፈሳሽ ጋባፔንቲን ዛይሊቶል ሊኖረው ስለሚችል ለውሻ አይስጡ፣ ማንኛውንም መጠንም ከሐኪም ትእዛዝ ውጭ አይወስኑ። አሴፕሮማዚን ብቻውን ለፍርሃት ቢታዘዝልዎት ምክንያቱን ይጠይቁ፤ አካሉን ያዝለዋል እንጂ ፍርሃቱን እምብዛም አይነካውም፣ እንደገና «ዝም ያለ» ውሻ ይዘው ይመለሳሉ።

ስቃዩ ለማይድን እንስሳ የመጨረሻው መርፌ በሚሰጥበት ቀን መኖር አለመኖር የእርስዎ ውሳኔ ነው፤ ማንም ሊያስገድድዎትም ሊከለክልዎትም አይገባም። ልቆይ ካሉ የሚያዩትን አስቀድመው ይወቁ። መጀመሪያ ማረጋጊያ ይወጋል፣ ይተኛል፤ ከዚያ በደም ሥር ከመጠን ያለፈ ፔንቶባርቢታል የተባለ ማደንዘዣ ይገባል። በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል፣ ልቡ በደቂቃዎች ውስጥ ይቆማል። ዓይኑ አይከደንም። ከሞተ በኋላ አንድ ሁለት ጊዜ ትንፋሽ የሚመስል እንቅስቃሴ ሊያደርግ፣ ጡንቻው ሊርገበገብ፣ ሽንት ሊያመልጠው ይችላል፤ ይህ ስቃይ አይደለም። እስከ መጨረሻው መቆየት ካልቻሉ እስኪተኛ ድረስ ብቻ ይቆዩ። እሱ የሚያውቀው እስከዚያ ያለውን ነው።

ለእርስዎ ውሻ የምመክረው ይህን ነው። ከሚቀጥለው ቀጠሮ በፊት ከ4 እስከ 6 ጊዜ፣ ምንም የማይወጋበትና የማይመረመርበት አጭር ጉብኝት ያድርጉ። የመጀመሪያው ቀን መኪናው ደጅ ቆሞ ምግብ በልቶ መመለስ ብቻ ይሁን፤ ቀጥሎ እስከ በሩ፣ ቀጥሎ እስከ ሚዛኑ። ምግብ እምቢ ካለ በጣም ቀርበዋልና ወደ ኋላ ይመለሱ። እያንዳንዱ ከ5 ደቂቃ አይብለጥ። ጎን ለጎን ቤት ውስጥ ቅርጫት መሰል የአፍ ማሰሪያ ያለማምዱት፤ ውስጡን በምግብ ቀብተው አፍንጫውን ራሱ ያስገባ፣ ከ5 ሰከንድ ተነስተው በአንድ ሁለት ሳምንት ወደ 10 ደቂቃ ያድርሱት። ከጨርቅ የተሠራው አፉን ስለሚዘጋና ማለክለክ ስለሚከለክለው ለደቂቃዎች እንጂ ለረጅም ጊዜ አይሆንም። የድመቷን ሳጥን ደግሞ ከቀጠሮው ሁለት ሳምንት በፊት ጀምረው ጓዳ አይደብቁት፤ ሳሎን ውስጥ ተከፍቶ ምግቧን እዚያ ትብላ፣ እዚያ ትተኛ።

ከዚያ ለክሊኒኩ ይደውሉና «በዚህ ቀጠሮ አጠገቡ ልሆን እፈልጋለሁ፣ የሚይዘው ረዳት ይሁን፣ ወደ ውስጥ መወሰድ ካለበት ምክንያቱን ንገሩኝ» ይበሏቸው። መሣሪያው ከውስጥ ነው፣ ሌላ የታመመ እንስሳ አለ፣ ክፍሉ ይጠባል፤ እነዚህ ምክንያቶች ናቸው፣ በሩ ተከፍቶ እንዲያዩ ወይም ከመወሰዱ በፊት የሚቻለው ሁሉ በፊትዎ እንዲሠራ መስማማት ይቻላል። «አሠራራችን ነው» ከሚለው ሌላ መልስ ካላገኙ ግን ሌላ ክሊኒክ ይፈልጉ።